ዓይን ያወጣ ብረት

ርእሱ ስድብ አይምሰላችሁ። «ዓይን ማውጣት» በአማርኛችን ሁለት ፊት አለው። በአንደኛው እፍረት የለሹን ሰው እንገሥጽበታለን፤ በሁለተኛው ደግሞ ምጣድ ላይ የተሳካለትን እንጀራ እናመሰግንበታለን። እንጀራው ዓይን ካወጣ ጋጋሪዋ ባለሙያ ናት፤ ዓይን የሌለውን ግን ለእንግዳ ማቅረብ ያሳፍራል። ዛሬ ላወጋችሁ የወደድሁት ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ዓይን ነው፤ በእንጀራ ላይ ሳይሆን በብረት ላይ ስለ ወጣው። የዘመናችን ሊቃውንት «የብረት አረፋ» ይሉታል። ውስጡ ስፍር ቁጥር በሌላቸው የአየር ክፍተቶች የተሞላ፣ እንደ ስፖንጅ የተቦረቦረ፣ ከአሉሚኒየም ሲሠራም በውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ነው። (ብረት ስል እንደ አባቶቻችን አነጋገር ነሐሱንም አሉሚኒየሙንም ጨምሬ ነው።) ታሪኩን ስከታተለው ከቤተ ሙከራ ይልቅ ወደ ወናፍና ወደ መድፍ፣ ከዚያም ወደዚሁ ወደ ራያ መለሰኝ።

እኔ በሙያዬ የባንክ ሠራተኛ ነኝ፤ ከብረት ጋር ያለኝ የዕለት ትውውቅ ጠዋት ካዝና ከመክፈት፣ ማታ ከመዝጋት አያልፍም። ሆኖም ዋጃ ላይ ተቀምጦ ስለ ብረት አለማሰብ ይከብዳል። ከተማችን ከቆቦ ወደ አላማጣ በሚወስደው መንገድ ላይ ናት። በምዕራብ በኩል ወደ ደጋው የሚያወጣው ገደል፣ በምሥራቅ በኩል ከሜዳው ማዶ የዞብል ተራሮች ይታያሉ። በመካከሉ ማሽላ የሚበቅልበት ለጥ ያለ ሜዳ ተዘርግቷል። ሰላም ሲሆን በዚህ ሜዳ የሚመላለሰው ብረት ማረሻና ማጭድ ነው፤ ሰላም ሲጠፋ ግን የሚያልፍበት ብረት ሌላ ነው። ሜዳው ሁለቱንም ያውቃቸዋል።

ከብረቱ በፊት ግን ድንጋዩን ልጥቀስ። ክረምት ሲገባ በቆቦ በኩል ሆርማትና ጎሊና ከደጋ እየወረዱ ድንጋይ ያንከባልላሉ። በየወንዙ ዳር ከሚቀረው ድንጋይ መካከል እንደ ማር እንጀራ የተቦረቦረ ጥቁር ድንጋይ አለ። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የሰሜን ኢትዮጵያን ደጋ የሠራው ቅልጥ ዐለት ወደ ላይ ሲወጣ በውስጡ የነበረው ጋዝ አረፋ ሆነ፤ አረፋው ሳያመልጥ ዐለቱ ረጋ። እናቶቻችን ለወፍጮ የሚወድዱት እንዲህ ያለውን ነው፤ ምክንያቱም ገጹ ቢያልቅ ከሥሩ ሌላ ዓይን፣ ከዓይኑም ጋር ሌላ ስለት ይወጣል። በድንጋይ ላይ ቀዳዳ ሙያ እንደሆነ እናቶቻችን ያለ ትምህርት ቤት ያውቁ ነበር። በብረት ላይ ግን ነገሩ እንዲህ አልነበረም።

* * *

ብረት ገና ሲወለድ ዓይኑን አውጥቶ ነው። ንጹሕ ብረት የሚቀልጠው በ1,538 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። በጭቃ ምድጃ፣ በከሰልና በቆዳ ወናፍ የሚሠራው የጥንት ባለሙያ እዚህ ሙቀት አይደርስም፤ መድረስም አላስፈለገውም። ምድጃው ወደ 1,200 ዲግሪ ሲጠጋ ከማዕድኑ ጋር የነበረው አፈርና ድንጋይ ቀልጦ፣ አረ ብረት ሆኖ ይወርዳል፤ ብረቱ ግን ሳይፈስ እርስ በርሱ እየተያያዘ፣ የተቦረቦረ ጓል ሆኖ ይቀራል። ይህ ጓል በዘመናዊው ቋንቋ ብንጠራው የብረት አረፋ ከመባል የሚርቅ አይደለም። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የዲሜ ሰዎች እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ብረታቸውን ከማዕድን እንዲህ ያወጡ ነበር።

ባለሙያው ጓሉን በጉጠት ይዞ፣ መስፍ ላይ አጋድሞ፣ እያጋለ ይቀጠቅጠዋል። እያንዳንዱ ምት አንድ ዓይን መድፈን፣ አንድ የቆሻሻ ጠብታ ማስወጣት ነው። «ቀጥቃጭ» የሚለው ስሙም ከዚሁ ሥራ የመጣ ነው። ክፍተቱ ያልተደፈነ ጓል ማረሻ ቢሆን ድንጋይ ሲነካ ይሰበራል፤ ጦር ቢሆን ደግሞ ባለቤቱን በክፉ ቀን ይከዳዋል። ስለዚህ ለሺህ ዓመታት የብረት ሥራ ማለት፣ በአጭሩ፣ እስትንፋስን ከብረት ውስጥ ማባረር ነበር።

በጥንቱ ዘመን ይህ የተቀጠቀጠ ብረት ምን ያህል ይፈለግ እንደነበር የሚያሳይ ምስክር አለ። በ1ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈው፣ የኤርትራ ባሕርን ንግድ የሚዘረዝረው የግሪክኛ መጽሐፍ በአዱሊስ ወደብ ከሚራገፉት ሸቀጦች መካከል ብረትን ይቆጥራል። ከህንድ የመጣ ብረትና የብረት ዐረብ ነበረበት፤ ዝሆንና ሌላ አውሬ ለማደን፣ ለጦርነትም ለሚሆን ጦር የሚሠራ ብረትም ነበረበት። አዱሊስንና ዝሆኑን አንባቢ በልቡ ያቆይልኝ፤ በኋላ እንመለስባቸዋለን።

የሚያሳዝነው ግን ብረቱን ስንወድድ ሠሪውን መጥላታችን ነው። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ቀጥቃጩ «ቡዳ» ተብሎ ተፈርቷል፤ በዓይኑ ይበላል፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል ተብሎ ተወርቶበታል። በማረሻው የታረሰውን እንበላለን፤ ከእርሱ ጋር አንድ ማዕድ መቅረብን ግን ብዙዎች ተጸይፈዋል። የብረትን ዓይን ሲደፍን የሚውለውን ሰው እኛ የገዛ ዓይኑን ፈራንበት። በ1900 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ባለ እጅን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። አዋጁ በአንድ ቀን ተነገረ፤ ልማዱ ግን በአንድ ቀን አልሄደም። ከማዕድን ብረት ማውጣትም በየአገሩ እየቀረ መጣ፤ የዛሬው ባለ እጅ ማጭድና ማረሻ የሚያወጣው ከመኪና ባሌስትራ ነው። ዋጃ ገበያ ላይ ገዢው ማረሻውን በድንጋይ ነካ አድርጎ ድምፁን ሲያዳምጥ አይቻለሁ። የሚያዳምጠው በውስጡ የተሰወረ ክፍተት እንዳይኖር ነው። ያው የጥንቱ ፍርሃት ነው።

* * *

ይህ ፍርሃት ከሁሉ የሚበረታው መድፍ ላይ ነው። የቀለጠ ብረት ጋዝ ይጠጣል፤ ሲረጋ ደግሞ የጠጣውን መልሶ ይተፋል። መውጫ ያጣው ጋዝ በውስጡ አረፋ ሆኖ ይቀራል። የሚፈስበት የጭቃ ቅርጽ በደንብ ካልደረቀም እርጥበቱ እንፋሎት ሆኖ ብረቱን ይበሳዋል። በመድፍ ግድግዳ ውስጥ የቀረች አንዲት አረፋ የባሩዱ ኃይል ፈልጎ የሚያገኛት ድካም ናት። እንዲህ ያለው መድፍ ጠላትን ሳይሆን ተኳሹን ይገድላል።

ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩት ሥራ ከዚህ አንጻር ሲታይ ክብደቱ ይገባል። በደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው በዚያች መንደር የተሰበሰቡት አውሮፓውያን አብዛኞቹ በባዝል አጠገብ ካለው ከቅዱስ ክሪሾና ማሠልጠኛ የመጡ ሚሲዮናውያን ነበሩ፤ ቴዎፍሎስ ዋልድማየር አንዱ ነው። ወንጌል ሊሰብኩ መጥተው መድፍ ሥሩ ተባሉ። አናውቅም ቢሉም ንጉሠ ነገሥቱ አልተቀበሏቸውም። ከከሸፉ ሙከራዎች በኋላ ሥራው እየተሳካ ሄዶ በመጨረሻ ሴባስቶፖል ተወለደ፤ ወደ 7 ቶን፣ ማለትም ወደ 70 ኩንታል የሚመዝን የነሐስ መድፍ። ስሙን ያገኘው በክሪሚያ ጦርነት ከተከበበችው ከተማ ነው።

ከጥቅምት 1867 እስከ መጋቢት 1868 እ.ኤ.አ. ያ ሁሉ ክብደት ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ በሰው ጉልበት ተጎተተ። መንገድ ባልነበረበት መንገድ እየተቆረጠ፣ ንጉሠ ነገሥቱም በገዛ እጃቸው ድንጋይ እያነሡ፣ ገደል ወርዶ ገደል ወጣ። በዚያው ወራት የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦር ከሌላ አቅጣጫ ይመጣ ነበር። ያረፈው ዙላ ላይ ነው፤ ያ የጥንቱ አዱሊስ ፍርስራሽ ባለበት ሰላጤ ዳር። ከህንድ ያስመጣቸው 44 ዝሆኖች ከባድ መሣሪያውን ተሸክመው ነበር። ለዝሆን ማደኛ የሚሆን ብረት በወረደበት ወደብ፣ ከ18 ክፍለ ዘመን በኋላ ብረት የተሸከመ ዝሆን ወረደበት። ያ ጦር በመጋቢት 1868 እ.ኤ.አ. በአሸንጌ ሐይቅ በኩል፣ ከእኛው ሜዳ በላይ ባለው ደጋ አልፎ ወደ መቅደላ ሄደ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሴባስቶፖል ጦርነቱን አላሸነፈም፤ ነገር ግን ዛሬም በመቅደላ አምባ ላይ አለ።

እዚህ ላይ አንድ የሚገርም መገጣጠም አለ። ያው የክሪሚያ ጦርነት፣ ለቴዎድሮስ መድፍ ስም የሰጠው፣ እንግሊዛዊውን ሄንሪ ቤሰመርን ወደ ብረት ዐረብ የመራው ነው። ቤሰመር አዲስ ዓይነት የመድፍ ጥይት ሠርቶ ነበር፤ ይህን የሚችል መድፍ ግን የታለ ተባለ። መልሱን ሲፈልግ በቀለጠ ብረት ውስጥ አየር መንፋትን አገኘ፤ ዘዴውንም በ1856 እ.ኤ.አ. ይፋ አደረገ። ነገር ግን የተነፋው አየር በብረቱ ውስጥ ጣጣውን ትቶ ይሄድ ስለነበር ሌላው እንግሊዛዊ ሮበርት መሸት ማንጋኒዝ ጨምሮበት ፈወሰው። በጋፋትም ሆነ በእንግሊዝ ትግሉ አንድ ነበር፤ ብረቱ እንዲመታ፣ እስትንፋሱ ይውጣ።

* * *

ታሪኩ የተገለበጠው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በ1926 እ.ኤ.አ. ዴ ሜሌር የተባለ ሰው ቀላል ብረቶችን ሆን ብሎ በጋዝ የማረፍ ዘዴ በፈረንሳይ አስመዘገበ። በ1948 እ.ኤ.አ. ቤንጃሚን ሶስኒክ በአሜሪካ ሌላ መንገድ አስመዘገበ፤ ሜርኩሪን ከአሉሚኒየም ጋር በታፈነ ዕቃ ማሞቅና፣ ግፊቱን ሲለቅቁት ሜርኩሪው ፈልቶ ተንኖ አሉሚኒየሙን እንዲያሳርፈው ማድረግ። የሜርኩሪ እንፋሎት መርዝ ነውና ይህ መንገድ ሩቅ አላስኬደም። በ1950ዎቹ ጆን ኤሊየት ሃይድራይድ በሚባሉ ውሁዶች መጠቀምን አመጣ፤ በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ደግሞ የጃፓን፣ የካናዳና የጀርመን ባለሙያዎች ሥራውን ወደ ፋብሪካ አገቡት።

የጃፓኖቹን ዘዴ ለማስረዳት ከእናቶቻችን ማጀት የተሻለ ትምህርት ቤት አላገኘሁም። እንጀራ ዓይን እንዲያወጣ ሁለት ነገር ያስፈልጋል። አንደኛው እርሾ ነው፤ ጋዙን የሚሰጠው። ሁለተኛው አብሲት ነው፤ ከሊጡ ተቀንሶ፣ ተቀቅሎ ተመልሶ የሚጨመረው። ሊጡ ከቀጠነ አረፋው ወጥቶ ይጠፋል፤ አብሲቱ ሲያወፍረው ግን አረፋው ባለበት ይያዛል። ጃፓኖቹ አሉሚኒየሙን በ680 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አቅልጠው ከመቶ 1.5 እጅ ካልሲየም እየጨመሩ ያማስሉታል፤ ቅልጡ ይወፍራል። ይህ አብሲቱ ነው። ከዚያ ከመቶ 1.6 እጅ የቲታኒየም ሃይድራይድ ዱቄት ይጨምራሉ፤ ዱቄቱ በሙቀቱ ሃይድሮጂን ይለቅቃል፤ ቅልጡ ኩፍ ይላል። ይህ እርሾው ነው። ሲበርድ አሉሚኒየሙ ዓይኑን አውጥቶ ይረጋል። ተራው አሉሚኒየም በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 2.7 ግራም ሲመዝን ይህ 0.2 ግራም ገደማ ነው፤ ውኃ 1 ግራም ስለሆነ ይንሳፈፍበታል።

ቀዳዳ የበዛበት ነገር ደካማ አይደለምን? ነው። ሎርና ጊብሰንና ማይክል አሽቢ በ1988 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፋቸው ለአረፋ የሚሆን ሕግ አስቀምጠዋል። ከ10 እጅ 9ኙን አየር ብናደርገው የቁሱ ጽናት ወደ 10ኛ እጅ ሳይሆን ወደ 100ኛ እጅ ግድም ይወርዳል። እስከዚህ ድረስ ኪሳራ ይመስላል። ነገር ግን የሒሳብ ሰው ነኝና ሌላውን ገጽ እገልጣለሁ። በዚያው ክብደት 10 እጥፍ የሚወፍር ሰሌዳ እናገኛለን፤ የሰሌዳ መጉበጥን እምቢ ማለት ደግሞ በውፍረቱ ሦስተኛ ርቢ ያድጋል፤ 1,000 እጥፍ ማለት ነው። 1,000ን ለ100 ስናካፍል 10 ይቀራል። በአንድ ዓይነት ክብደት ባለ ዓይኑ ሰሌዳ ከድፍኑ 10 ጊዜ ለመጉበጥ ያስቸግራል። እግዚአብሔር አጥንታችንን ከውጭ ድፍን፣ ከውስጥ ቀዳዳማ አድርጎ የሠራበት ምስጢር ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ከሁሉ የሚደንቀው ግን ሲመታ የሚያሳየው ጠባይ ነው። ድፍን ብረት የመጣበትን ምት ከጀርባው ላለው ያስተላልፋል። ባለ ዓይኑ ብረት ግን ምቱን በራሱ ላይ ይጨርሰዋል። የክፍሎቹ ግድግዳ ረድፍ በረድፍ እየታጠፈ፣ ክፍሎቹ ሁሉ እስኪዘጉ ድረስ የሚያስተላልፈው ኃይል ሳይጨምር ብዙ ጉልበት ይውጣል። የመኪና ግጭትን ለማብረድ የታሰበውም በዚህ ጠባዩ ነው።

ሌላም ሙያ አለው። በጃፓን በአውራ ጎዳናዎች ላይ ጩኸት እንዲውጥ ተሰቅሏል። ክፍሎቹ እርስ በርስ የተከፈቱለት ዓይነት ፈሳሽና አየር ያሳልፋልና ሙቀት ለመለዋወጥ ይሆናል። የኒኬል አረፋ በኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ባትሪዎች ውስጥ ለኤሌክትሮድ መያዣነት ያገለግላል። ቀዳዳማ ቲታኒየምና ታንታለም ደግሞ በተጎዳ ዳሌ ውስጥ ይገባሉ፤ የበሽተኛው አጥንት ወደ ቀዳዳዎቹ እያደገ ከብረቱ ጋር ይጋባል። ጉድለትም አለው። ዋጋው ውድ ነው፤ ዓይኖቹንም እኩል ማድረግ አስቸጋሪ ነው፤ አንዱ ሲሰፋ አንዱ ይጠባል፤ በሰፊው በኩል ቶሎ ይረታል። እስካሁን በየቤታችን ያልገባውም ስለዚህ ነው።

* * *

በመጨረሻ ወደ ጥይቱ። በአሜሪካ የኖርዝ ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ አፍሳነ ራቢዒ ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር ባዶ የብረት ዐረብ እንክብሎችን በብረት ዐረብ ውስጥ አስገብታ አዲስ ዓይነት አረፋ ሠራች። በ2019 እ.ኤ.አ. ይፋ በሆነ ሙከራ ይህ አረፋ የገባበት ጋሻ ለከባድ መትረየስ የሚሆነውን ጥይት አቆመ፤ ክብደቱም ያንኑ ከሚሠራው የብረት ዐረብ ጋሻ ከግማሽ ያነሰ ነበር።

ይህን ያነበብሁት ጦርነት ካለፈበት አገር ተቀምጬ ነው። የናፒየርን ዝሆኖች አነሣሁ። በ1928 ዓ.ም. ደግሞ ከማይጨው ውጊያ በኋላ የሚያፈገፍገውን የኢትዮጵያን ሠራዊት የፋሽስት አውሮፕላኖች በአሸንጌ ዳር በቦምብና በመርዝ ጋዝ ፈጁት። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት የቆቦና የአላማጣ ሜዳ ብረት ሲመላለስበት እኛ በዓይናችን አይተናል። የዚህ ሜዳ ሰው ድፍን ብረት ሥጋ ላይ ምን እንደሚሠራ ለመረዳት መጽሐፍ አያስፈልገውም።

ስለዚህ ከዚህ ሁሉ ታሪክ ለእኔ የቀረልኝ አንድ ነገር ነው። ቀዳዳ በራሱ ነውርም ጸጋም አይደለም፤ የሚወስነው ብረቱን ምን እንዳልነው ነው። «ምታ» ስንለው ቀዳዳው ነውር ነበር፤ ሦስት ሺህ ዓመት በመዶሻ አሳደድነው። «ቻል» ስንለው ያው ቀዳዳ ጸጋ ሆነ። ጋሻም የጦር ጓደኛ መሆኑን አልዘነጋም፤ ይህም አረፋ በታንክ ላይ መለጠፉ አይቀርም። ቢሆንም የሰው ልጅ ብረትን ከመግደያነት አሻግሮ ሌላ ነገር መጠየቁን፣ ብረቱም እሺ ማለቱን እንደ ትንሽ ነገር አላየውም። በዓይኑ ያማነው ያ ቀጥቃጭም እንዲሁ ነው፤ ጉድለቱ በእርሱ ላይ አልነበረም፤ እኛ ባልነው ላይ ነበር።

ከደብተሬ አራት ስንኝ ቀንጭቤ ልሰናበታችሁ።

ጦር ሊሆን ሲወለድ፣ ዓይኑን ደፈኑበት፤
ጋሻ ሁን ባሉት ቀን፣ ዓይኑን መለሱለት።
ክፍተት ነውር ሆኖ፣ ሺህ ዘመን ቢታማ፣
ሰው ሲያድን ተገኘ፣ የባዶ ቤት ግርማ።